አስጎብኚዬ ደንበኞቼን ይዞ ከሄደ በኋላ ውሌን እንዴት እንዳስተካከልኩ

በባሕር ዳር፣ ጣና ዳር አነስተኛ የጀልባና የአስጎብኚነት ሥራ አለኝ። እንግዶችን ወደ ዘጌ ወስደን ኡራ ኪዳነ ምሕረትን እናስጎበኛለን፤ አብዛኛውን ገቢ የምናገኘው ግን በየዓመቱ ቡድን ከሚልኩልን የአዲስ አበባ ወኪሎች ነው። ዋናው አስጎብኚዬ ሥራ ሲለቅ ሁለት ጀልባ ነጂዎችንና ሦስት ወኪሎችን አስከትሎ ሄደ።

የፈረመውን ውል ይዤ ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ከሌላ ድርጅት የገለበጥኩት ሲሆን፣ ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ ለአምስት ዓመት በማናቸውም የቱሪዝም ሥራ እንዳይሰማራ ይከለክላል። ጠበቃዋ አንብባ፣ «ታዲያ ይህ ሰው ምን ሠርቶ ይብላ?» አለችኝ። ሰውን ከሙያው ማገድና ደንበኛና ባልደረባ እንዳያባብል መገደብ የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን የተረዳሁት ያን ጊዜ ነው። በተጨማሪም በውሉ ላይ ከእኔና ከእሱ ፊርማ በቀር ምስክር አልነበረም፤ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1727 ግን በጽሑፍ እንዲሆን የታዘዘ ውል በሁለት ምስክሮች እንዲረጋገጥ ይጠይቃል።

ከሁሉ የከፋው ቢሮ ስመለስ ያየሁት ነው። በመዝገባችን «የጥር ቡድን፣ 14 ሰው» ተብሎ ተጽፏል፤ የወኪሉ ስልክ ቁጥር ግን የለም። ቁጥሮቹ ሁሉ በለቀቀው አስጎብኚ የግል ስልክ ውስጥ ነበሩ። በእጄ ያልነበረን ነገር ወሰደብኝ ብዬ ልከስ ነበር።

አሁን ወኪሎች የሚደውሉት በድርጅቱ ስም ባወጣነው ሲም ካርድ ነው። በአዲሱ ውል ያለው ደንበኛ ያለማባበል ገደብ ሠራተኛው ከለቀቀ በኋላ ለአንድ ዓመት ብቻ ይጸናል፤ የሚሸፍነውም ከመልቀቁ በፊት ባሉት 12 ወራት ራሱ ያስተናገዳቸውን ደንበኞች ነው። ማባበል ማለት መደወል፣ በቴሌግራም መጻፍ ወይም ሰው መላክ መሆኑን ዘርዝረናል፤ ደንበኛው ራሱ ፈልጎት ከመጣ፣ ወይም የቀድሞ ባልደረባው በይፋ የወጣ ማስታወቂያ አይቶ ከተቀጠረ ግን ጥፋት የለም። በዚህ ላይ ከጠበቃዋ ጋር ብዙ ተከራክሬ ተሸነፍኩ። የገደቡን መጣስ የሚያስከትለውንም ካሳ፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1889 እንደሚፈቅደው፣ አስቀድመን በሦስት ወር ደመወዝ ወሰንን።

ገደቡ የሚሸፍናቸውን ደንበኞች ዝርዝር የምናዘጋጀው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለቃቂው በሚሰጠው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ጊዜ ውስጥ ነው (ቀድሞ ይህን ወር በኩርፊያ ነበር የማሳልፈው)። በቅርቡ የለቀቀው አስጎብኚ ዝርዝሩን ሲያነብ አንዱ ስም ላይ ቆመና፣ «ጋሼ፣ ይቺን ወኪል እኮ ከመቀጠሬ በፊት ነው የማውቃት» አለኝ። የቆዩ መልእክቶችን አገላብጠን አየን፤ እውነቱን ነበር። ስሟን ሰርዘን ከጎኑ ሁለታችንም ፈረምንበት።