ብሉቱዝ ስፒከር ከስልክ ጋር ሳገናኝ የምከተለው መንገድ

«ስፒከሩ አልገናኝ አለ» የሚባለው ዕቃ አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም፤ ሌላ ስልክ ይዞታል። በዋጋ ዝቅ ያሉት ስፒከሮች በአንድ ጊዜ የሚያስተናግዱት አንድ ስልክ ብቻ ነው። ሲበሩ ደግሞ መጀመሪያ የሚፈልጉት ባለፈው የተጠቀመባቸውን ስልክ ነው። ያ ስልክ ብሉቱዙ እንደተከፈተ ሌላ ክፍል ውስጥ ከተቀመጠ ስፒከሩ ማንንም ሳይጠይቅ ከእሱ ጋር ይገናኛል። እርስዎ ሲፈልጉት ስሙ ዝርዝሩ ላይ አይወጣም፣ ወይም ወጥቶ ሲነኩት አልገናኝም ይላል። ስለዚህ እኔ ሥራውን የምጀምረው ይህን ስፒከር አሁን ማን እንደያዘው በማጣራት ነው። ቤት ውስጥ ያሉትን ስልኮች ብሉቱዝ በሙሉ አጠፋለሁ፣ የልጆቹን ታብሌትና ላፕቶፑን ጨምሮ። ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

ቀጥዬ የማየው ባትሪውን ነው። ሙሉ የሊትየም ባትሪ 4.2 ቮልት አካባቢ አለው፤ እያለቀ ሲሄድ ወደ 3.3 ቮልትና ከዚያ በታች ይወርዳል። ቤዙ በኃይል ሲመታ የድምፅ ማጉያው በዚያች ቅጽበት ብዙ ከረንት ይስባል። ባትሪው የደከመ ከሆነ ቮልቴጁ ድንገት ይወድቅና ብሉቱዙን የሚያሠራው ቺፕ ጠፍቶ ይነሳል። ዘፈኑ ይቆረጣል፣ ስፒከሩ ሲበራ የሚያሰማው ድምፅ ይሰማል፣ ከዚያ እንደገና ይገናኛል። ሰው ይህን «ብሉቱዙ ይቆራረጣል» ብሎ ይተረጉመዋል፤ ስልክ የሚቀይርም አለ። ለመለየት ድምፁን ወደ ግማሽ ዝቅ ማድረግ ይበቃል። መቆራረጡ ከቆመ ችግሩ የባትሪ ነው፤ ቻርጅ ተደርጎም ከተመለሰ ባትሪው አርጅቷልና መቀየር አለበት።

ቻርጅ ላይ ሰውን የሚያደናግር አንድ ነገር አለ። ሁለቱም ጫፉ ታይፕ ሲ በሆነ ገመድ ሲሰካ መብራቱ እንኳን የማይበራ ስፒከር ብዙ ነው። ባለ ታይፕ ሲ ቻርጀር ኤሌክትሪክ የሚለቀው ከዕቃው በኩል 5.1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ከረንት የሚገድብ ትንሽ አካል) መኖሩን ሲያውቅ ነው፤ ርካሽ ስፒከሮች ውስጥ ይህ ሬዚስተር ብዙ ጊዜ አይገባም። ስፒከሩን ወደ ጠጋኝ ከመውሰድ በፊት አንዱ ጫፉ የድሮው ሰፊ ዩኤስቢ የሆነ ገመድ ፈልጎ በተራ የ5 ቮልት ቻርጀር ወይም በፓወር ባንክ መሞከር ይገባል። ወዲያው ቻርጅ መቀበል ከጀመረ ስፒከሩ ደህና ነው፤ ያንኑ ገመድ ለእሱ መመደብ ነው።

አሁን ወደ ማገናኘቱ። እንደ ቲጂ 117 ያሉት ስፒከሮች ብሉቱዝ ብቻ አይደሉም፤ ሚሞሪ፣ ፍላሽ፣ የኦክስ ገመድ (ድምፅ ከስልክ በቀጥታ የሚያስተላልፍ ገመድ) እና ኤፍ ኤም ሬዲዮ አላቸው። ሚሞሪ ወይም ፍላሽ ተሰክቶባቸው ከተከፈቱ በቀጥታ እሱን ማጫወት ይጀምራሉ፤ በዚያ ሰዓት ስልክ ላይ ስማቸው አይታይም። ስለዚህ መጀመሪያ የተሰካውን ሁሉ እነቅላለሁ፣ ከዚያ ስፒከሩን እከፍታለሁ፣ ከዚያ ሞድ መቀየሪያዋን ቁልፍ (ብዙውን ጊዜ «ኤም» የሚል ፊደል ያለባትን) እየነካሁ «ብሉቱዝ» የሚለውን ድምፅ ወይም ቶሎ ቶሎ ብልጭ የሚለውን ሰማያዊ መብራት እጠብቃለሁ። እንደ ጄቢኤል ፍሊፕ ባሉት ላይ ራሱን የቻለ የብሉቱዝ ምልክት ያለው ቁልፍ አለ፤ እሱን መጫን ነው። የመብራቱን ቋንቋ ማወቅ ጊዜ ይቆጥባል። ብልጭ ድርግም ካለ ስልክ እየፈለገ ነው፤ ሳይጠፋ ቋሚ ሆኖ ከበራ ተይዟል። ቋሚ መብራት እያዩ ስልክ ላይ «ፈልግ» ቢሉ ከንቱ ድካም ነው።

ስልኩ ላይ ሴቲንግ ገብቼ ብሉቱዝን እከፍትና አዲስ ዕቃ ፔር የሚያደርገውን እነካለሁ። ስሙ ሲወጣ አንድ ጊዜ ብቻ መንካት ነው፤ ደጋግሞ መንካት የተጀመረውን ያቋርጠዋል። የቆዩ ስፒከሮች ቁጥር ይጠይቃሉ፤ 0000 ካልሆነ 1234 ነው። አንዳንዴ ተመሳሳይ ስም ሁለቴ ይወጣል፣ አንደኛው ፊቱ ላይ «ኤል ኢ» የሚል ተጨምሮበት። ያኛው የስፒከሩ አፕ መልእክት የሚለዋወጥበት ዝቅተኛ ኃይል ያለው መስመር ነው፤ ድምፅ አያስተላልፍም። «ተገናኝቷል እያለ ድምፁ ከስልኩ ይወጣል» የሚባለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ሌላው ምክንያት ከስፒከሩ ስም አጠገብ ባለችው ጥርሳም ጎማ የምትመስል የማስተካከያ ምልክት ውስጥ የሚገኘው የሚዲያ ድምፅ ማብሪያ መጥፋቱ ነው። እዚያው ቦታ የስልክ ጥሪ የሚል ሌላ ማብሪያ አለ። ስፒከሩ ሳሎን ተቀምጦ ሰው ሲደውል ወሬው ሁሉ ለእንግዳ እንዳይሰማ እኔ ይህንን ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ። ሙዚቃው አይነካም፤ ጥሪው በስልኩ ብቻ ይመጣል።

የስፒከሩን አፕ የሚያወርዱ ሰዎች «አፑ ስፒከሩን አያገኘውም» ይላሉ። አንድሮይድ 11 እና ከዚያ በፊት ባሉት ላይ አፕ ብሉቱዝ መፈለግ የሚችለው የሎኬሽን ፈቃድ ሲሰጠውና ሎኬሽን ሲከፈት ነው። ከአንድሮይድ 12 ጀምሮ በአቅራቢያ ያሉ መሣሪያዎች የሚል የተለየ ፈቃድ አለ። እሱን ከልክሎ አፑን መውቀስ አይሆንም። ደግሞም አፑ ባይኖር ስፒከሩ ይሠራል፤ የሚጠቅመው ሶፍትዌር ለማደስ፣ የድምፅ ቃና ለማስተካከልና ሁለት ስፒከር ለማጣመር ነው።

ድሮ ይገናኝ የነበረ ስፒከር ድንገት እምቢ ሲል ምክንያቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ስልክና ስፒከር መጀመሪያ ሲተዋወቁ አንድ የጋራ ሚስጥራዊ ቁልፍ ይፈጥሩና ሁለቱም ያስቀምጡታል። በኋላ የሚገናኙት በዚያ ቁልፍ ነው። ስፒከሩ ላይ ያለው ከጠፋ (ሪሴት ስለተደረገ ወይም ብዙ ስልክ ስለተጨመረበትና የድሮውን ስለረሳ) ስልኩ ግን የድሮውን ይዞ ይቀርባል፤ ስፒከሩም አያውቀውም። ስልኩ ላይ የሚወጣው ስለ ፒን ወይም ስለ ፓስኪ ስህተት የሚናገር መልእክት ከዚህ የመጣ ነው። ስልኩን ብቻ ወይም ስፒከሩን ብቻ ማጽዳት ግማሽ ሥራ ነው። ከስልኩ ላይ የስፒከሩን ስም ነክቶ ፎርጌት ማድረግ፣ ስፒከሩንም ሪሴት ማድረግ፣ ሁለቱንም አጥፍቶ ማብራት፣ ከዚያ እንደ አዲስ ማገናኘት። በበርካታ የጄቢኤል ሞዴሎች ላይ ስፒከሩ በርቶ እያለ የድምፅ መጨመሪያውንና የማጫወቻውን ቁልፍ አንድ ላይ ይዞ እስኪጠፋ መቆየት ነው። በሌሎች ይለያያል፤ ካርቶኑ ውስጥ ያለችው ትንሽ ወረቀት ለዚህች አንድ መስመር ስትባል መቀመጥ አለባት።

ኮንዶሚኒየም ላይ ያለው ችግር ለብቻው መነገር አለበት። አንድ ብሎክ ውስጥ ተመሳሳይ ሞዴል ስፒከር ያላቸው ብዙ ቤቶች አሉ፤ ስልኩ ላይ አንድ ዓይነት ስም ይደረደራል። የእርስዎን ለመለየት ስፒከሩን ያጥፉትና ዝርዝሩን እንደገና ያስፈልጉ፤ የጠፋው ስም የእርስዎ ነው። ካወቁት በኋላ ስልኩ ላይ ስሙን ቀይሩት። ብዙዎቹ ስፒከሮች ባለቤታቸውን የማረጋገጫ መንገድ የላቸውም፤ መብራታቸው ብልጭ እያለ ከቆየ ግድግዳ ማዶ ያለ ስልክም ሊይዛቸው ይችላል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ መጀመሪያ የስልኩን ብሉቱዝ መክፈት፣ ከዚያ ስፒከሩን ማብራት ነው። ስፒከሩ ሲነሳ የሚፈልገውን ስልክ ወዲያው ስለሚያገኝ ክፍት ሆኖ የሚቆይበት ጊዜ ያጥራል። ተጠቅመው ሲጨርሱ ስልኩን ብቻ አላቅቀው አይሂዱ፤ ስፒከሩን ያጥፉት።

ሙዚቃው የስልኩ ስክሪን ከጠፋ ትንሽ ቆይቶ የሚቆም ከሆነ ብሉቱዙ ንጹህ ነው። ባትሪ ለመቆጠብ ሲል ስልኩ የሙዚቃ አፑን ከጀርባ እየገደለው ነው። ሴቲንግ ውስጥ አፕስ፣ ከዚያ የሚያጫውቱበትን አፕ፣ ከዚያ ባትሪ ገብቶ ገደብ የሌለበትን መምረጥ መፍትሔው ነው። እንደ ፎን ማስተር ያለ ማጽጃ አፕ ያለበት ስልክ ከሆነ እዚያም ውስጥ አፑን ከሚጸዱት ዝርዝር ማውጣት ያስፈልጋል።

ድምፅ የሚወሰነው በሁለት ቦታ ነው፤ በስልኩና በስፒከሩ። አንዳንድ ስፒከሮች ከስልኩ ጋር አንድ ላይ ይጨምራሉ፣ ይቀንሳሉ፤ አንዳንዶቹ የየራሳቸው ናቸው። የየራሳቸው ሲሆን እኔ ስልኩን 85 በመቶ አካባቢ ላይ አስቀምጬ በስፒከሩ ቁልፍ አስተካክላለሁ። ስልኩ ዝቅ ብሎ ስፒከሩ እስከ መጨረሻ ከተከፈተ ሹክሹክታ የመሰለ ጩኸት አብሮ ይጎላል። በተቃራኒው ስልኩ ላይ የቃና ማስተካከያ ከፍቶ ቤዙን እስከ ጥግ ማንሳት ትንሽ ስፒከርን ያንቃል፤ ትንሽ ድያፍራም (እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣው ሽፋን) የማያወጣውን ቤዝ በግድ ሲጠይቁት ዘፋኙ ራሱ ይታፈናል። አይፎን ለሚጠቀም ደግሞ የስፒከሩ ስም አጠገብ ባለችው ክብ ምልክት ውስጥ የዕቃውን ዓይነት «ስፒከር» ብሎ መምረጥ ይቻላል (ከአይ ኦ ኤስ 14.4 ወዲህ)። ይህ ካልተደረገ ስልኩ እንደ ኢርፎን ቆጥሮት ለጆሮ ጥንቃቄ ሲል ድምፁን ሊቀንስ ይችላል።

ስለ ድምፅ ጥራት ብዙ ክርክር አለ። ስፒከሩ የሚቀበለው ኤስቢሲ የሚባለውን መደበኛ የብሉቱዝ ድምፅ መጠቅለያ አሠራር ብቻ ከሆነ ዴቨሎፐር ኦፕሽን (የስልኩ ድብቅ ሴቲንግ) ውስጥ ገብቶ ሌላ መምረጥ ምንም አይለውጥም፤ ሁለቱም ወገን የሚያውቁት መሆን አለበት። ከዚያ ይልቅ ፋይሉን ማየት ይሻላል። በቴሌግራም ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የቆየ፣ ከቪዲዮ ላይ የተቀዳ 64 ኪሎቢት ዘፈን በየትኛውም ስፒከር ላይ ይሻክራል። ያንኑ ዘፈን በ256 ወይም በ320 ኪሎቢት ሲያገኙት ልዩነቱ በትንሹም ስፒከር ላይ ይሰማል፤ የማሲንቆው ጅማትና የጭብጨባው ጠርዝ ላይ ቀድሞ ይታወቃል።

ፊልም ላይ አፍና ድምፅ ካልገጠሙ ብሉቱዝ ድምፁን ጠቅልሎ ሲልክና ስፒከሩ ሲፈታው የሚፈጅበት ጊዜ ነው፤ በኤስቢሲ ከ150 እስከ 250 ሚሊሰከንድ መዘግየት የተለመደ ነው። እንደ ዩቲዩብ ያሉ አፖች ምስሉን አዘግይተው ያስተካክሉታል። ጌም ላይ ግን መፍትሔ የለውም፤ የኦክስ ገመድ ይሰኩ። ስፒከሩና ስልኩ ከአንድ ቻርጀር እየተሞሉ በኦክስ ሲገናኙ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ከመጣ አንዱን ከቻርጀር መንቀል ያጠፋዋል።

ቦታውም ወሳኝ ነው። ተራ ስፒከር በግልጽ ቦታ 10 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድን ውኃ ይውጠዋል፤ የሰው ገላ ደግሞ አብዛኛው ውኃ ነው። ስልክ የኋላ ኪስ ውስጥ ሆኖ ስፒከሩ ፊት ለፊት ከሆነ በ4 ሜትርም ሊቆራረጥ ይችላል። የብረት በር፣ ቆርቆሮና ማይክሮዌቭም እንደዚሁ ያውካሉ። ዋይፋይ ራውተሩ ላይ ስፒከር ማስቀመጥ ደግ አይደለም፤ ራውተሩ 5 ጊጋኸርትዝ ካለው ስልኩን ወደዚያ ማዛወር ይረዳል። ድምፁን በተመለከተ፣ ግድግዳ ጥግ ማስጠጋት ቤዝ ይጨምራል፤ መሬት ላይ ማስቀመጥ ንግግሩን ያደበዝዛል። በሲሊንደር ቅርጽ የተሠሩት ስፒከሮች በሁለቱ ጫፍ የሚርገበገብ ክብ ሽፋን አላቸው፤ ቤዙ የሚወጣው ከዚያ ነውና በትራስ ወይም በመጽሐፍ መታፈን የለበትም።

ሁለት ስፒከር አንድ ላይ ለማጫወት ያሰበ ሰው ከመግዛቱ በፊት ይጠይቅ። ጄቢኤል ውስጥ እንኳ ስፒከሮች የሚጣመሩበት አሠራር የተለያየ ነው፤ ኮኔክት ፕላስ የሚባለው ያለው ፍሊፕ 4 ፓርቲቡስት የሚባለው ካለው ፍሊፕ 5 ጋር አይጣመርም፤ አዲሶቹ ደግሞ ኦራካስት የሚባለውን ይዘው መጥተዋል። በርካሾቹ ላይ ሁለት አንድ ዓይነት ሞዴል ያስፈልጋል። ሲጣመሩ ስልኩን ከሁለቱም ማላቀቅ፣ መጀመሪያ እርስ በርሳቸው ማገናኘት፣ ከዚያ ስልኩ ላይ የሚታየውን አንዱን ስም መንካት ነው። ስልኩ ከአንዱ ጋር እንደተገናኘ ቆይቶ ከተሞከረ ብዙ ጊዜ ይከሽፋል።

ሬዲዮ ለሚወድ፣ በብዙዎቹ ትናንሽ ስፒከሮች ላይ አንቴናው የሚሰካው ገመድ ነው። ሸገር 102.1 ወይም ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲያፏጭ የኦክስ ወይም የቻርጅ ገመዱን ሰክቶ ዘርጋ ማድረግና ጣቢያ እንደገና ማስፈለግ ነው። ውኃ ነክቶት ከሆነ ግን ቀዳዳው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ቻርጅ አይሰካ። ስፒከሩ ላይ የሚጻፈው የውኃ መቋቋም ደረጃ አይፒኤክስ 7 ማለት 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ንጹህ ውኃ ውስጥ 30 ደቂቃ ይቋቋማል ማለት ነው፤ በእርጥብ ሶኬት ቻርጅ መደረግን አይጨምርም።