የሸመደደውን ልጅ አነበበ ስንል የቆየንባቸው ዓመታት

ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ፣ የየካ አባዶ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ከነባሩ የገበሬ መንደር ጋር በሚዋሰኑበት አካባቢ በሚገኝ የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በርእሰ መምህርትነት ማገልገል ከጀመርሁ 8ኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ከዚያ በፊትም 11 ዓመት አስተምሬአለሁ። ከሠራሁት ሁሉ የምቆጭበትም የምኮራበትም የ2ኛ ክፍል ልጆችን ንባብ የሚመለከተው ሥራ ነው፤ ነገሩን እንዳይ ያደረገኝ ግን ሥልጠና ሳይሆን የገዛ ልጄ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ክፍል ልጎበኝ ስገባ የማየው ያስደስተኝ ነበር። መምህሯ አንድ ዓረፍተ ነገር ታነባለች፣ ከ50 የማያንሱ ልጆችም በአንድ ድምፅ ይቀበሏታል። እኔም በመከታተያ ቅጹ ላይ «ተማሪዎች በንቃት ይሳተፋሉ» ብዬ ጽፌ እወጣ ነበር።

በዚያን ጊዜ ልጄም የ2ኛ ክፍል ተማሪ ነበር። አብዛኛውን ቀን ቤት የምደርሰው ከምሽቱ 1 ሰዓት በኋላ ስለነበር ለቤተሰቤ ይዤ የምገባው ድካሜን ብቻ ነበር፤ «የቤት ሥራህን ሠራህ?» እለዋለሁ፣ «አዎ» ይለኛል፣ በዚያው ይበቃናል። አንድ ምሽት ግን አጠገቡ ተቀምጬ «እስቲ አንብብልኝ» አልሁት። ጣቱን ከመስመሩ ሥር እያስኬደ ገጹን አንድም ቃል ሳይስት ተወጣው፤ ይሁን እንጂ ጣቱ ከአፉ ይቀድም ነበር፤ አፉ ገና «ወንዝ» ሲል ጣቱ ከመስመሩ ጫፍ ደርሷል። ገጹን በእጄ ሸፍኜ ከመካከል «ውሻ» የምትለዋን ቃል ብቻ አሳየሁት። ዝም አለ። ቀጥሎም ከገጹ የመጀመሪያ መስመር ተነሥቶ በሹክሹክታ እየተወጣ ቃሏ ጋ ለመድረስ ሲሞክር ሰማሁት። ባለቤቴ ከወጥ ቤት ሆኖ ያዳምጥ ነበርና «ለካ ይህ ልጅ በቃሉ ነው የሚወጣልን» አለ።

በማግስቱ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ጥቂቶቹን አንድ በአንድ ጠርቼ፣ ከመማሪያ መጽሐፋቸው ውስጥ የሌለ፣ በእጄ የጻፍሁትን አምስት መስመር ጽሑፍ ሰጠኋቸው። ከግማሽ የሚበልጡት ከመጀመሪያው መስመር አላለፉም። በ2002 ዓ.ም. በበርካታ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከ2ኛ ክፍል ልጆች ሢሶ ያህሉ አንድ ቃል እንኳ ማንበብ እንዳልቻሉ በአንድ ሥልጠና ላይ ሰምቼ ነበር፤ ስሰማው ግን የሩቅ ገጠር ጉዳይ አድርጌ ነበር የያዝሁት።

ከመምህራኑ ጋር ተቀምጠን ልጆቹ የት ላይ እንደሚሰናከሉ ስንመረምር ብዙ ነገር ተገለጠልን። 33ቱን ፊደላት በ7 ድምፃቸው፣ 231ዱን፣ ሁሉም ልጅ በዜማ ይወርዳቸዋል፤ ከገበታው አውጥተን ብንበታትናቸው ግን ይጠፉበታል። ካዕቡ በወገቡ ጭረት፣ ኃምሱም በእግሩ ቀለበት በአብዛኛው ይለያል። ሳድሱ ግን ቅርጹ ከፊደል ፊደል ይለያያል፤ አንዳንዴ አናባቢ ድምፅ አለው፣ አንዳንዴ የለውም። መጥበቅና መላላትም በጽሑፍ አይታይም። አንዲት ልጅ «ገና አልመጣም» የሚለውን «ና»ን አጥብቃ አነበበችና በዓሉ ስንት ቀን እንደቀረው ጠየቀችኝ። ያቺ ልጅ አልተሳሳተችም፤ እንዲያውም በዚያ ቀን ትርጉም ፈልጋ ያነበበች እርሷ ብቻ ነበረች።

መጀመሪያ የወሰድሁት እርምጃ ስሕተት ነበር። ደካማ ያልናቸውን ልጆች ለይቼ ከሰዓት በኋላ ለብቻቸው እንዲማሩ አደረግሁ፤ ሳምንት ሳይሞላ ልጆቹ «የሰነፎች ክፍል» የሚል ስም አወጡለት፣ ከመካከላቸውም ሁለቱ ከትምህርት ቤት ቀሩ። ቤታቸው ድረስ ሄጄ ይቅርታ ጠይቄ መለስኋቸው፤ ክፍሉንም ዘጋሁት። በምትኩ በማለዳው ጊዜ ተጠቀምን። የከተማ አስተዳደሩ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ባስፋፋው ምገባ ምክንያት ልጆቹ ለቁርስ በጊዜ ይመጣሉ፤ ከቁርስ እስከ ሰልፍ ባለው ጊዜ ሁሉም ልጅ፣ ጎበዙም ደካማውም፣ በካርቶን ላይ በተጻፉ ፊደላት ቃል ይመሠርታል፤ መምህሯም በየቀኑ አምስት ልጆችን ለየብቻ ታዳምጣለች። አንድ አንጋፋ መምህር ፖርሽን፣ ማለትም ለዓመቱ የተመደበው ትምህርት፣ አይሸፈንም ብለው አጥብቀው ተቃወሙኝ። ስጋታቸው እውነት ነበር፤ በመጀመሪያው ሴሚስተር ወደኋላ ቀረን። እኔ ግን ልጁ የማያነበውን ምዕራፍ ሸፍነናል ማለት አልቻልሁም።

በወላጆች ስብሰባ ላይ «ልጆቻችሁን ቤት አስጠኑ» ስል፣ እንጀራ በመሸጥ የሚተዳደሩ አንዲት እናት ተነሥተው «መምህርት፣ እኔ ራሴ ፊደል አልቆጠርሁም፤ ምኑን ላስጠናው?» አሉኝ። ለዓመታት ያንኑ ምክር ስደጋግም አንድም ቀን ይህን አለማሰቤ አሳፈረኝ። ከልጄ የተማርሁትን ነገርኋቸው፦ «ቡና ሲያፈሉ አጠገብዎ ያስቀምጡትና ጣቱና አፉ እኩል መሄዳቸውን ይዩ። ከዚያም ቅርጿ አንድ የሆነች ቃል በገጹ ላይ ሁለት ቦታ ይፈልጉና ያሳዩት፤ ሁለቱንም ጊዜ አንድ ነገር ካለ እያነበበ ነው።» እኔም በቤቴ ከራት በፊት ስልኬን ትቼ ልጄን ሩብ ሰዓት ማዳመጥ ጀመርሁ፤ በሥራ ብዛት የዘለልኋቸው ቀናት ጥቂት አይደሉም።

ባለፈው መጋቢት እኚያው እናት ልጃቸውን ይዘው ወደ ቢሮዬ መጡ። እስክጠራቸው ድረስ ልጁ በበሩ ላይ የለጠፍሁትን ማስታወቂያ ጣቱን እያስኬደ ያነብላቸው ነበር። «ስብሰባ» የምትለው ቃል ላይ ሲደርስ ቆመ፤ እናቱ ሳይናገሩ ጠበቁት። ተመልሶ የጀመረው ከማስታወቂያው ራስጌ አልነበረም፤ ከ«ስ» ነበር።