እማዬና የሳንዲዬጎ ጭላዳዎች

እማዬ ያደገችው መንዝ ነው። ልጅ ሳለች ሥራዋ ገብስ ጥበቃ ነበር። ጭላዳ የሚባለው የዝንጀሮ ዘመድ ከገደሉ በመንጋ ይወጣል፤ እሷና ታናሽ ወንድሟ ወንጭፍ ይዘው ማሳው ዳር ይውላሉ። እኔ ግን አዲስ አበባ ተወልጄ፣ ከዚያ ወደ አሜሪካ መጥቼ፣ ጭላዳ በዓይኔ አይቼ አላውቅም።

ልትጠይቀኝ ሳንዲዬጎ በመጣች በሁለተኛው ሳምንት ዙ፣ የእንስሳት ማሳያው ቦታ፣ ልወስድሽ ነው አልኳት። ምን እንደምናይ አልነገርኳትም።

አፍሪካ ሮክስ የሚባለው የዙው ክፍል መከፈት የጀመረው እንደ ፈረንጆቹ በጁላይ 2017 ነው። 8 ኤከር መሬት ላይ 68 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል። ስድስት አካባቢዎች አሉት፤ ከስድስቱ አንዱ የኢትዮጵያ ደጋ ይባላል። ይህን ስሰማ ነው ልቤ የተነሳው። ቀድሞ እዚያ ቦታ ላይ ከ1930ዎቹ የቀሩ ጠባብ የአውሬ ማደሪያዎች ያሉበት ሸለቆ ነበር፤ መንገዱም ዳገት ነበር። አሁን እየተጠማዘዘ ቀስ ብሎ ነው የሚያስኬደው። ጉልበቷን የሚያማት እማዬ አንዴም አረፍ ልበል አላለችም። ለኔ ትልቁ ለውጥ ይሄ ነው፤ ሽማግሌም ሕፃንም እኩል ይሄድበታል።

ከደቡብ አፍሪካ ዳርቻ የሚመጡትን ፔንግዊኖች አየን። ነብሩ ተኝቷል። ወደ 20 ሜትር ከፍታ ያለው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ አለ፤ እማዬ ፎቶ አንሺኝ አለችና ነጠላዋን አስተካክላ ቆመች።

ከዚያ ድንጋዮቹ ጋ ደረስን።

መጀመሪያ ያየችው እሷ ናት። እጄን ጭምቅ አደረገችው። "ውይ! ጭላዳ!" ድምፅዋ ከፍ ስላለ አጠገባችን ያሉት ሰዎች ዞር አሉ። ትልቁ ወንድ ጀርባውን ሰጥቶን ተቀምጧል። ፀጉሩ ከትከሻው እስከ ወገቡ ወርዷል፤ ነፋስ ሲመጣ እንደ አንበሳ ጎፈር ይበተናል። ዞር ሲል ደረቱ ላይ ያለው ቀይ መላጣ ታየ። በመጽሐፍ የማውቀው ነው፤ ግን ቀለሙ እንዲህ ደማቅ መሆኑን አላውቅም ነበር።

እኔን ያስቀረኝ ግን እጁ ነው። ሣሩን አይነጭም፤ ይለቅማል። በአውራ ጣቱና በጠቋሚ ጣቱ አንዷን ቅጠል ይዞ ይነቅላል፤ ከዚያ ሌላዋን፣ ከዚያ ሌላዋን። መዳፉ ሲሞላ ነው አፉ ውስጥ የሚከተው። ዓይኑ ሌላ ቦታ ነው፤ ጣቶቹ ግን አይሳሳቱም። "እህል ስንለቅም እንዲህ ነው" አለች እማዬ፣ የራሷን ጣቶች እያንቀሳቀሰች። እውነትም የእሷ ጣቶች ሰፌድ ላይ ሲሄዱ እንዲያ ናቸው። ቦታ ሲቀይርም አይነሳም፤ እንደተቀመጠ በመቀመጫው ሸርተት ይላል። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስለሚውል ነው ቀዩ ምልክት ደረቱ ላይ የሆነው የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ።

አንዲት የዙው አስጎብኚ መጥታ ታስረዳ ጀመር። ጭላዳ በዱር የሚገኘው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ከዝንጀሮና ከጦጣ ወገን ሁሉ ኑሮውን በሣር ላይ የመሠረተው እሱ ብቻ ነው አለች። እኔ እየተረጎምኩ ነው። እማዬ አዳምጣ ስትጨርስ "ገብስም ይበላል በያት" አለችኝ። ነገርኳት። ሴትዮዋ በጣም ደስ አላት፤ እማዬን ስለ ልጅነቷ ትጠይቃት ያዘች። ስሙም የኛ መሆኑን ነገርኳት። ጀርመናዊው ሩፐል በ1835 ለሳይንሱ ዓለም ሲያስተዋውቀው ሰዉ የሚጠራበትን ጭላዳን ነው ወስዶ ጌላዳ ያለው።

በመሃል አንዱ የላይኛውን ከንፈሩን ገልብጦ አፍንጫው ላይ ደፋው። ድዱና ረጃጅም ጥርሶቹ ወጡ። ሕፃናቱ ሳቁ። እማዬ ግን ወዲያው "ራቅ በል እያለው ነው" አለች። እውነትም ሌላኛው ሸሸት አለ።

የጎደለ ነገር አለ፤ ልደብቀው አልችልም። እማዬ የምታውቀው ሜዳው እስኪጠቁር ድረስ ነው። መንዝ ባለው የጓሳ ሜዳ ላይ በመቶ የሚቆጠር መንጋ አብሮ ይግጣል፤ እዚህ ግን ጥቂት ናቸው። ብርዱም የለም። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ ሳንዲዬጎ ባሕር ዳር ናት። ደግሞ አብሮ የገባው ብርማ ጎፈር ያለው ሐማድራያስ ዝንጀሮ ነው፤ እኔ የማውቀው የአዋሽ ቆላ ኗሪ አድርጌ ነው። የሚገናኙበት ቦታ አለ ተባልኩ፤ ቢሆንም ደጋ በሚል ስም ሥር ሳየው ትንሽ ቅር አለኝ።

ግን የፈረንጅ ልጆች "ኢትዮጵያ" የሚለውን ስም ከዚህ ሣር ለቃሚ ጋር አብረው ሲማሩ ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ክፍሉ መከፈት በጀመረበት በዚያው ጁላይ ዩኔስኮ የሰሜን ተራሮች ፓርክን እንደ ፈረንጆቹ ከ1996 ጀምሮ ከነበረበት፣ አደጋ ላይ ያሉ ቅርሶች ከሚሰፍሩበት መዝገብ አወጣው። ያንን ዜና ሳነብ እንደተደሰትኩት ያህል ነው እዚህ ቆሜ የተደሰትኩት። መንዝ ላይም ሕዝቡ ራሱ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሥርዓት አውጥቶ ሣሩን ሲጠብቅ ኖሯል። የእማዬ ቤት ክዳን ጓሳ የሚባለው ሣር ነበር፤ ገመዱም ጓሳ።

"የት ነው የሚያድሩት?" አለች ልንሄድ ስንል። ማታ ቤት አላቸው አልኳት። ዝም አለች። አገር ቤት ሲመሽ ተራ በተራ ገደሉን ይወርዳሉ፤ ጅብና ነብር የማይደርስበት የድንጋይ ጫፍ ላይ ተቃቅፈው ያድራሉ። "ገደል የላቸውማ" አለች።

ማታ ኤልካሆን ቡልቫርድ ላይ እራት በልተን ቤት ስንገባ ወደ መንዝ ደወልን። አጎቴ አነሳው።

"ጭላዳ አየሁ" አለችው።

"የት?"

"አሜሪካ።"

ትንሽ ዝም አለ። "ገብሱን ማን ይጠብቅላቸዋል ታዲያ?"

"ኧረ እዚህስ የሚጠበቁት እነሱ ናቸው" አለችው። ከዚያ ወሬው ወደ ዘንድሮው አዝመራ ዞረ።