በአቧራ ወቅት ጠንካራ ሌንስ ማድረግ፦ ከጎንደር የልምድ ማካፈያ

ዘንድሮ የከተራ ዕለት ታቦታቱን አጅቤ ከፒያሳ እስከ አፄ ፋሲል መዋኛ ወረድሁ፤ በመንገድ ላይ ሌንሶቼን አላወለቅኋቸውም። ኬራቶኮነስ የሚባል የዓይን ሕመም ያለበትና በዓይኑ ላይ በቀጥታ የሚቀመጥ ጠንካራ ሌንስ የሚያደርግ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በጥር የጎንደር መሬት ደርቋል፤ ያ ሁሉ ሕዝብ እየዘለለና እየጨፈረ ሲወርድ አቧራው እስከ ፊት ይነሣል። ማታ ደግሞ እያንዳንዱ መብራት አንድ ብቻ ሆኖ ታየኝ። ቀድሞ አንዱ አምፖል ጥላና ጭራ አበጅቶ ሦስት አራት ይሆንብኝ ነበር። ደስ ብሎኛል፤ የምጽፈውም ለዚህ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ባጭሩ ልለፋቸው። በልጅነቴ የሚያሳክክ የዓይን አለርጂ ነበረብኝ፤ ዓይኔን እያሸሁ አደግሁ። መነጽር በመነጽር ላይ ለወጥሁ። በመጨረሻ የኮርኒያዬ (የዓይን ፊተኛው ግልጽ ሽፋን) ቅርጽ በመሣሪያ ሲለካ ስሙ ታወቀ፦ ኬራቶኮነስ። ኮርኒያው እየሳሳ ወደ ፊት ይሾጥጣል፤ ብርሃኑም በአንድ ነጥብ ላይ አያርፍም።

ብዙ ጊዜ «የትኛው ሌንስ ጥሩ ነው?» ተብዬ እጠየቃለሁ። ጥያቄው ከዓይኑ መነሣት አለበት። ሩቁን ማየት ብቻ ለሚያስቸግረው ተራው ለስላሳ ሌንስ ይበቃዋል። አስቲግማቲዝም (የዓይን ጉብጠት በሁሉም አቅጣጫ እኩል አለመሆን) ላለበት ቶሪክ የሚባለው አለ፤ እርሱ በዓይን ላይ ከዞረ እይታው ስለሚበላሽ ብዙውን ጊዜ የታችኛው ክፍል ወፈር ተደርጎ ይሠራል። ዕድሜው ከ40 አልፎ ንባብ ለከበደው ደግሞ የቅርቡንም የሩቁንም የሚያሳይ ሌንስ ይሠራል። የመነጽር ቁጥርን በቀጥታ ለሌንስ ማዘዝ አይቻልም። መነጽር ከዓይን 12 ሚሊ ሜትር ያህል ርቆ ስለሚቀመጥ፣ ቁጥሩ ከ4 ሲያልፍ ልዩነቱ ይታወቃል፤ በመነጽር ከዜሮ በታች 6.00 የሆነ ሰው በሌንስ 5.50 አካባቢ ነው። በዚያ ላይ የሌንሱ ጉብጠትና ስፋት መለካት አለባቸው። ስለዚህ ለሠርግ ተብሎ ከመዋቢያ መደብር ያለ ምርመራ የሚገዛውን ባለ ቀለም ሌንስ አጥብቄ እቃወማለሁ። ጓደኛሞች ተዋውሰው ሲያደርጉት ሳይ ደግሞ እደነግጣለሁ።

እንደ እኔ ኮርኒያው ለሾጠጠበት ሰው ተራው ለስላሳ ሌንስ አይሆንም፤ እንደ ነጠላ ከሥሩ ያለውን ቅርጽ ተከትሎ ይተኛልና። ጠንካራው ሌንስ ግን ቅርጹን ይጠብቃል፤ በእርሱና በኮርኒያው መካከል ያለውን ጎድጓዳ እንባ ይሞላዋል፤ ዓይን በአዲስ ለስላሳ ገጽ ማየት ይጀምራል። «ጠንካራው ያምማል፣ ለስላሳው ይሻልሃል» የሚሉኝን ሰዎች አልሰማም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይቆረቁራሉ፤ ከዚያ የዓይን ቆብ ይለምዳል።

እኔን ያስቸገረኝ አቧራው ነው። ጠንካራው ሌንስ ስፋቱ ከ9 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው። ዓይን በጨፈነ ቁጥር ትንሽ ከፍና ዝቅ ይላል፤ እንዲህ መንቀሳቀሱም ግዴታ ነው፤ ከሥሩ ያለው እንባ የሚታደሰው በዚህ ነው። አቧራውም የሚገባው በዚያው በር ነው። ባጃጅ ውስጥ ተቀምጬ ከአዘዞ ስመለስ ንፋሱ በጎን ይገባና አንዲት ቅንጣት ከሌንሱ ሥር ትሰነቀራለች። ዓይኔ ያለ ፈቃዴ ይከደናል፤ እንባው በአንድ ጉንጬ ይወርዳል፤ አፍንጫዬም አብሮ ይፈስሳል። ያኔ እጅ ወደ ዓይን መሮጡ አይቀርም፤ ማሸት ግን ፈጽሞ አይገባም። ቅንጣቷ ኮርኒያውን ትቧጭረዋለች፤ ማሸት ራሱም ኬራቶኮነስን ያባብሳል። ወደ ታች እያየሁ ቀስ ብዬ ደጋግሜ እጨፍናለሁ፤ ለሌንስ የሚሆን የእንባ ጠብታ እጨምራለሁ። ብዙ ጊዜ በዚህ ትወጣለች። ካልወጣች እጄን አጽድቼ ሌንሱን በትንሿ የጎማ መምጠጫ አወልቀዋለሁ። ይህችን መምጠጫ ከሁሉም ዕቃዬ አብልጬ እወዳታለሁ። በጣት ለማውለቅ የዓይንን ውጫዊ ጥግ መሳብና መጨፈን ያስፈልጋል፤ ሌንሱም ተፈናጥሮ የት እንደሚወድቅ አይታወቅም። መምጠጫዋን ግን በሌንሱ መሐል በቀስታ ማስነካት ይበቃል። ሌንሱ በዓይን ላይ መኖሩን አስቀድሞ ማረጋገጥ ብቻ ነው፤ ባዶ ኮርኒያ ላይ መምጠጫ ማሳረፍ አደገኛ ነው።

ጎኑ ሰፊ የሆነ ቁጥር አልባ መነጽር ከላይ ማድረግ ረድቶኛል። ትልቁን ለውጥ ያመጣው ግን ሌላ ነገር ነው። ሁሉም «የጎንደር አቧራ ነው፣ ቻለው» ይለኝ ነበር። የዓይን ባለሙያዬ ግን የሚያበራ ቀለም ዓይኔ ውስጥ ጠብ አድርጋ በሰማያዊ ብርሃን አየችው። እንባ ያለበት ቦታ አረንጓዴ ሆኖ ይበራል፣ ሌንሱ ኮርኒያውን የነካበት ይጠቁራል። በቀኙ ሌንስ የታችኛው ጠርዝ ሥር ሰፊ የሚያበራ ቅስት ታየ፤ ጠርዙ ከዓይኔ ከመጠን በላይ ተነሥቶ ነበር። ጠርዙ ዝቅ ተደርጎ አዲስ ሲሠራ የቀኙ ችግር ከግማሽ በላይ ቀለለ። ስለዚህ አቧራ የሚያሰቃያችሁ ሁሉ መቻልን ትታችሁ ወደ ለካችሁ ባለሙያ ተመለሱ። ከተማችን ዩኒቨርሲቲው ኦፕቶሜትሪ (የእይታ ምርመራና የመነጽር ልኬት ሙያ) የሚያስተምርባት ናት፤ የሚጠየቅ ሰው አለ። ነገር ግን «አጥብቁልኝ» አትበሉ፤ የማይንቀሳቀስ ሌንስ እንባውን አፍኖ ሌላ መዘዝ ያመጣል።

የውኃውን ነገር ሳልናገር አላልፍም። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቤት ሁላችንም በበርሜልና በጀሪካን እናጠራቅማለን። በቧንቧም በተጠራቀመ ውኃም ውስጥ አካንታሜባ የሚባል በዓይን የማይታይ ፍጥረት ሊኖር ይችላል፤ ራሱን በሽፋን ሲጠቀልል ክሎሪን የማይበግረው ነው፤ ኮርኒያ ውስጥ ከገባ ሕክምናው ወራት ይፈጃል፣ ብርሃንም ሊያሳጣ ይችላል። ስለዚህ ሌንስም መያዣውም ውኃ አይንካቸው፤ አፍልቼዋለሁ ማለትም አያዋጣም። እጄን በሳሙና ታጥቤ፣ ክር በማይለቅ ፎጣ እስኪደርቅ አብሼ ነው የምነካው። የትናንቱን ማጠቢያ ፈሳሽ ደፍቶ አዲስ መሙላት እንጂ በላዩ መጨመር የለም። ሌንስን በምራቅ ማርጠብንማ አታስቡት። ሌንስ አድርጎ መተኛትም የለም። የጥምቀት ጠዋት ባሕሩ ተባርኮ ውኃው ሲረጭ እኔ በመነጽር ነበርሁ፤ ጠበል የምትጠመቁም ሌንሳችሁን አውልቃችሁ ተጠመቁ፤ ከእምነት ጋር የሚያጣላ ነገር የለውም። በርበሬ የቀነጠሰ እጅ ደግሞ አንድ ጊዜ በመታጠብ አይጠራም፤ በዚያ ቀን እኔ ሌንስ አላደርግም።

የግራ ዓይኔ ግን እስካሁን አልተስተካከለም። ሾጣጣው ከቀኙ ይብሳል፤ ጠርዙ ቢስተካከልም ብዙ ቀን ከቀትር በኋላ ይቀላል፣ ሌንሱንም አወልቃለሁ። እኔ ስለ ጠንካራ ሌንስ ይህን ያህል የምሟገተው በአንድ ዓይኔ ምስክርነት መሆኑን ዕወቁልኝ። አሁን የሚታሰበው ስክሌራል የሚባለው ትልቁ ሌንስ ነው። በነጩ የዓይን ክፍል ላይ ያርፋል፣ ኮርኒያውን ሳይነካ ይዘልለዋል፤ ሲደረግም መከላከያ ኬሚካል በሌለው የጨው ፈሳሽ ይሞላል። አቧራ እንደ ትንሹ አይገባበትም ይባላል። ዋጋው ግን ከባድ ነው፤ ፈሳሹንም ሳያቋርጡ ማግኘት ያስፈልጋል። ባሕር ዳርም ይሁን ጎንደር ስክሌራል የምታደርጉ ካላችሁ፣ ፈሳሹን ከየት እንደምታገኙና በበጋ ስንት ሰዓት እንደምትቆዩበት ጻፉልኝ፤ ከማዘዜ በፊት ማወቅ እፈልጋለሁ።