ቫልቩ ተዘግቶ የተሞላው ውሃ

አውሮፕላኗ ባለሁለት መቀመጫ ናት፤ ባለቤቷ ጋራዡ ውስጥ የገጣጠማት፣ ሞተሯ ሮታክስ 912 ዩኤልኤስ። ቦታው የአሜሪካዋ ሚኒሶታ፣ ጊዜው ክረምት፣ ውጭው ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ። የሞተሩ ኩላንት (ሞተሩን የሚያቀዝቅዘው ፈሳሽ፤ ከታች ውሃ የተባለውም እሱ ነው) ተቀይሮ መሬት ላይ ሲሞከር ሙቀቱ ልክ ነበር፤ የሚያፈስም ነገር አልታየም። አየር ላይ አብራሪው በዚሁ ፈሳሽ ሙቀት የሚሠራውን የካቢኑን ማሞቂያ ሲከፍት ግን ካቢኑ ሳይሞቅ የሞተሩ ሙቀት ከፍ ይል ጀመር። 115 ዲግሪ ደረሰ። የኩላንቱ ጣሪያ 120 ነው። ጉልበት ቀንሶ ተመለሰና በሰላም አረፈ።

ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ ክዳኑ ሲከፈት ከላይ የምትቀመጠው የውሃ ጣሳ ባዶ ሆና ተገኘች። መሬት ላይ ግን አንድ ጠብታ የለም። ውሃው የሄደው ወደ ማሞቂያው ነው።

ኩላንቱ ሲሞላ የማሞቂያው ቫልቭ ተዘግቶ ነበር። ወደ ካቢን የሚሄዱትና የሚመለሱት ቱቦዎች ውስጣቸው 16 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመታቸው ተደምሮ 3 ሜትር ነው፤ ይህ ብቻ 600 ሚሊ ሊትር ይይዛል። የማሞቂያው ራዲያተር ሲጨመርበት ወደ አንድ ሊትር ይጠጋል፤ አብዛኛው አየር ነበር። ጠቅላላው ኩላንት ሦስት ሊትር ገደማ ለሆነ ሞተር ይህ ትንሽ አይደለም። ቫልቩ ሲከፈት አየሩ ወደ ፓምፑ ሄደ፤ አየር የዋጠ ፓምፕ ደግሞ ውሃ አይገፋም።

እንደገና ሲሞላ ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ተከፈተ። የአውሮፕላኗ አፍንጫ የመሙያው ክዳን ከሁሉም ከፍ እስኪል ተነሳ፤ ማሞቂያው ላይ ደግሞ ከፍ ባለው ጫፍ የአየር ማስወጫ ብሎን ተጨመረ። ሞተሩ መጀመሪያ በደቂቃ በ2000፣ ከዚያ በ2500 ዙር ሞቀ። ጠፍቶ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝ የጎደለው ተሞላ፤ ይህም ደረጃው መውረዱን እስኪያቆም ተደገመ። ትኩስ ክዳን መክፈት ፊትን ለእንፋሎት መስጠት ነው።

እግረ መንገድ ሌላም ጉድለት ታየ። ቫልቩ በኬብል የሚዞር የኳስ ቫልቭ ነው። እንዲህ ያለው ቫልቭ ትንሽ ገርበብ ሲል ማሞቂያው የሚሰጠውን ሙቀት አብዛኛውን ይለቃል፤ የቀረው ዙር ለውጥ የለውም። ስለዚህ አብራሪው ወይ ይበርደዋል ወይ ያልበዋል። ሙቀቱን በውሃው መመጠን ቀርቶ በአየሩ መመጠን ይሻላል፦ ቫልቩ ለክረምት ክፍት፣ ለበጋ ዝግ፤ መሃሉን የሚያስተካክለው ትኩሱን አየር ወደ ካቢን ወይም ወደ ውጭ የሚመራ መዝጊያ ነው። ማሞቂያው ከዋናው ራዲያተር ጎን ለጎን ስለተገጠመ ውሃ ይሻማዋል፤ ለዚህ ሲባል መግቢያው ላይ 6 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ያለው ሳህን ገባ። ቫልቩን በዋናው መስመር ላይ መግጠም ግን ፈጽሞ አይታሰብም፤ ሲዘጋ የሞተሩን ዝውውር ይዘጋል።

መግቢያውን ብቻ መዝጋትም አይበቃም። ካቢን ውስጥ ቱቦ ቢፈነዳ ውሃው በመመለሻው ወደ ኋላ ይፈስሳል፤ እንፋሎቱም መስታወቱን ይጋርዳል። ሁለተኛ መዝጊያ መመለሻው ላይ፣ ሞተሩን ከካቢኑ ከሚለየው የብረት ግድግዳ በሞተሩ በኩል ተገጠመ።

ከበረራ በፊት ማሞቂያው ተከፍቶ ሞተሩ ይሞቃል፣ ይጠፋል፤ ፕሮፔለሩ ከቆመ በኋላ ሁለቱ ቱቦዎች በእጅ ይነካሉ። መግቢያው ትኩስ ሆኖ መመለሻው ከቀዘቀዘ አየሩ አሁንም አልወጣም።