ሾላ በድፍን

አበው «ሾላ በድፍን» ያሉት የሾላ ፍሬ ሲከፈት ውስጡ ነፍሳት ስለማይጠፋው ነው። ሐዋሳ ላይ ሾላ መትከል ለሚያስብ ሰው ግን ከፍቶ ማየቱ ይበጀዋል።

ፍሬ የምንለው በአበቦች የተሞላ ድፍን ቤት ነው። ጫፉ ላይ ባለችው ጠባብ ቀዳዳ ከጤፍ ብዙም የማትበልጥ ተርብ ተሹለክልካ ትገባለች። ስትገባ ክንፏ ይቀነጠሳል። ያመጣችውን የአበባ ብናኝ አራግፋ፣ እንቁላሏን ጥላ እዚያው ትሞታለች። ከሚፈለፈሉት ወንዶቹ ክንፍ አልባ ናቸው፤ ሴቶቹን አዳቅለው መውጫ ይሸነቁሩላቸዋል። ሴቶቹ ብናኝ ይዘው ይወጣሉ፤ ከፍሬው ውጭ የሚኖሩት አንድ ሁለት ቀን ቢሆን ነው። ያም ሆኖ የሾላ ዘመድ በሆነው ባምባ ላይ ናሚቢያ ውስጥ የተሠራ ጥናት (በ2009 እ.ኤ.አ. የታተመ) ተርቧ በነፋስ እየተገፋች በአማካይ ወደ 89 ኪሎ ሜትር እንደምትሄድ አሳይቷል። ስለዚህ ግቢ ውስጥ ብቻውን የቆመ ዛፍ ተርብ ማጣቱ ያን ያህል አያሳስበኝም።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሾላ በየትኛውም ወር ሊያፈራ ይችላል፤ አንዱ ዛፍ ሲጨርስ ሌላው ይጀምራል። በሐይቁ ዳርና በአሞራ ገደል ያሉት ጉሬዛዎችና ጦጣዎች፣ ሌሊት የሚመጡት የሌሊት ወፎችም የሚጠቀሙት ይህ ፈረቃ ሲኖር ነው። ሁሉም ችግኝ ከአንድ እናት ከተቆረጠ ግን በባሕርይ ያው አንድ ዛፍ ነው፤ አብሮ አፍርቶ አብሮ ይነጥፋል። እኔ ቢያንስ ከአራት አምስት እናቶች መቁረጥ ግድ ነው እላለሁ።

አቆራረጡ ከባድ አይደለም። መጋቢት ላይ አውራ ጣት የሚያህል ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ በ40 ሴንቲ ሜትር ይቆረጣል፤ ታችኛው ጫፍ በሰያፍ፣ ላይኛው ቀጥ ብሎ። ይህ ምልክት ካልተደረገ ገልብጦ መትከል ይመጣል፣ የተገለበጠ ደግሞ አይጸድቅም። ቅጠሉን አራግፎ፣ ነጭ ወተቱ እስኪደርቅ አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ማሳደር፤ ከዚያ ግማሽ ቁመቱን አሸዋ የበዛበት አፈር በተሞላ የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ መቅበር። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቁራጩ በያዘው ስንቅ ቅጠል ያወጣል፣ ሥር ግን የለውም። «ያዘ» ተብሎ ፀሐይ ላይ ሲወጣ በሳምንት ይጠወልጋል። ሁለት ወር ሳይሞላ አለመነቅነቅ ነው። ውኃ ማብዛትም ከታች ያበሰብሰዋል።

ሐምሌ ላይ 60 በ60 ሴንቲ ሜትር ጉድጓድ ይበቃዋል። ፕላስቲኩን ቀዶ ማውጣትና የተጠቀለለ ሥር ካለ መቁረጥ አይረሳ። የሐዋሳ አፈር ብዙ ቦታ አሸዋማ ስለሆነ ውኃ አይዝም፤ በመጀመሪያው በጋ በሳምንት ሁለቴ አንድ አንድ ባለ 10 ሊትር ጀሪካን፣ ዙሪያውን ደግሞ ከግንዱ ትንሽ ፈቀቅ ያለ የደረቀ ሣር። ፍየል ካለ የግራር እሾህ። ከቤት፣ ከአጥርና ከፍሳሽ ጉድጓድ 15 ሜትር ይራቅ፤ ሥሩ ግንብ አይምርም።

ግንብ ስንጥቅ ውስጥ የበቀለች ሾላ ከታየች ወፍ ናት የተከለቻት። ቁመቷ ስንዝር ሳይሞላ አርሶ ከነሥሯ ነቅሎ ፕላስቲክ ውስጥ ማዘዋወር ይቻላል፤ ከዘር ስለመጣች ከቁራጮቹ ሁሉ የተለየች ናት።