ከባዱ ፍሬ

ዛሬ በሲሸልስ፣ ፕራስሊን ደሴት፣ ቫሌ ደ ሜ በሚባለው የዘንባባ ጫካ አስጎብኚያችን አንድ የኮኮ ደ ሜር ዘንባባ ፍሬ አንሥቶ «እስቲ ይያዙት» አለኝ። በሁለት እጄ ተቀበልኩት፤ ወገቤ ጎበጠ። በዓለም ላይ ከዚህ የሚከብድ የተክል ዘር የለም፤ አንዳንዱ ከ15 ኪሎ ያልፋል።

«ባሕር ውስጥ ቢወድቅ ይሰምጣል» አለ፣ እንደ ቀላል ነገር። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ተራው ኮኮናት ተንሳፍፎ ውቅያኖስ ሲሻገር ይህኛው የትም አልሄደም፤ በተፈጥሮ የሚበቅለው ፕራስሊንና ጎረቤቷ ኩሪዩዝ ላይ ብቻ ነው። ግዙፍ ቅጠሉም የዝናቡን ውሃ ሰብስቦ ወደ ራሱ ሥር ያወርዳል (ስስታም፣ አልኩት በሆዴ)።

ብዙ ሰው ሲሸልስ የሚሄደው ለነጩ አሸዋ ነው። አሸዋው ያምራል፣ አልክድም፤ አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ቢጠይቀኝ ግን ወደ ጫካው ነው የምልከው።